ከአማት ጋር ባሕር መግባት

ሰው ከወደፊት አማቱ ጋር ብዙ ነገር ማድረግ ይችላል። ለቅሶ መድረስ ይችላል፤ ገበያ ድረስ ፈንጠር ብሎ መከተል ይችላል፤ «አካም ቡልተኒ?» ብሎ ጎንበስ ካለበት ሳይቃና ሰላምታውን መጨረስ ይችላል። ባሕር ግን አብሮ መግባት የለበትም። ደርሶብኝ ነው የምላችሁ። በእኛ በነቀምቴ አማት ማለት ፊቱ የማይታኘክበት፣ ከበላዩ የማይቀመጡበት፣ ስሙ እንኳ በዝግታ የሚጠራ ሰው ነው። ይህን ሰው ግማሹን የሚያስከብረው ዕድሜው ነው፤ ግማሹን ደግሞ፣ አትታዘቡኝና፣ ልብሱ ነው።

ኦቦ ቶለራ ያን ጊዜ ገና አማቴ አልሆኑም። የቡና ነጋዴና የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ፤ ያለ ኮትና ያለ ባርኔጣ ያያቸው ሰው የለም። እኔ አስተማሪ ነበርኩ። ልጃቸውን ለሊሴን እንደምወዳት ከእሳቸው በቀር አገር ያውቃል። ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ቡናቸውን የሚገዛቸው፣ ነቀምቴ ኖሮ ነቀምቴ የሸበተ ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ነበር። አንድ ክረምት «አገሬን ላሳይዎት» ብሎ ጋበዛቸው። እሳቸውም «ብቻዬን አልሄድም፤ የፈረንጅ ፊደል የሚያውቅ ሰው ይከተለኝ» አሉ። ያኔ ለመከተል ስቸኩል ብታዩኝ! ሐሳቤ በጉዞው ላይ ጨዋነቴን አሳይቼ፣ ስንመለስ ሽማግሌ መላክ ነበር። ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል የሚባለው ትዝም አላለኝ።

እዚያ በደረስን በጥቂት ቀን ሙሴ ያኒ በማለዳ በሸራ ጀልባ አሳፈረን። ደሴቶቹን ዞረን፣ ዋኝተን፣ ምሳ በልተን ማታ እንመለሳለን አለ። የባሕሩን ሰማያዊነት ልንገራችሁ ብል አታምኑኝም። ኦቦ ቶለራ ግን የሚያዩት ሰዉን ነበር። ሌላ ጀልባ ባጠገባችን ባለፈ ቁጥር ባርኔጣቸውን አውልቀው ይነሡና እንደ አገራችን ወግ ይጀምራሉ፤ «አካም ጅርቱ? ነጋ? ማቲን ነጋ?» ከቤተሰቡ ጤንነት ወደ ከብቱ ጤንነት ሳይሻገሩ ጀልባው አንዱ ደሴት ጀርባ ይገባል።

«እነዚህን ሰዎች የሚያሯሩጣቸው ምንድን ነው?» አሉኝ፣ ከልባቸው አዝነው።

አንዲት ደሴት ጥግ መልሕቅ ተጣለ። ያ ሱቁ ውስጥ እስከ አንገቱ ተቆልፎ የምናውቀው ሙሴ ያኒ በአንዲት ቁምጣ ቀርቶ ባሕሩ ውስጥ ዘለለ። «ግቡ! ያልዋኘ ምሳ አይበላም!» ይላል ከውሃው ውስጥ። እኔ ዴዴሳ ዳር ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ውሃው በስሜ የጠራኝ ያህል ነው። ግን የለሊሴ አባት ፊት ልብሴን ላውልቅ? «ጉንፋን ይዞኛል» አልኩና ከነከረባቴ ቁጭ ብዬ ላብ አጠመቀኝ። ኦቦ ቶለራ የምሳውን ቅርጫት አዩ፤ ባሕሩን አዩ።

«እኛስ ውሃ አናውቅም እንዴ?» አሉ። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ የሚባለው ይህ ዓይነቱ ነው። «ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ዙርና ደሴቲቱን እይ። ዙር እስክልህ እንዳትዞር።»

ዞርኩ። ልብስ ሲንኮሻኮሽ ሰማሁ። መሰላሉ ሲንቋቋ ሰማሁ። ከዚያ ውሃው ተንቦጫረቀ። ከዚያ ምንም የለም። እስቲ በእኔ ቦታ ሆናችሁ ፍረዱ፤ ሰጥመው ከሆነስ? ሳይሰጥሙ ብዞርስ?

«ኦቦ ቶለራ፣ ልዙር?» አልኩ በትሕትና።

«ይፍቀዱልኝና ልዞር ነው!» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

ስዞር ባርኔጣቸው ብቻዋን ባሕሩ ላይ ትንሳፈፋለች። ሙሴ ያኒ ከሩቅ እየዘፈነ ይዋኛል። ከነከረባቴ ከነጫማዬ ዘለልኩ። እጄ መጀመሪያ ያገኘው የውስጥ ሱሪያቸውን ነበር፤ ስጎትት ሱሪው መጣ፣ እሳቸው ቀሩ። ሱሪውን ለባሕሩ ትቼ እንደገና ጠለቅሁና በብብታቸው ይዤ አወጣኋቸው። እንደ ተወለዱ።

ሙሴ ያኒ እየተርበተበተ ደርሶ የጠረጴዛውን ልብስ ደረበላቸው። ኦቦ ቶለራ እንደ ጋቢ አጣፍተው ለበሱት፤ ሳላቸው እስኪበርድ ጠበቁ፤ በረጅሙ ጸለዩ፤ የምሳውን ዓሣ በሉ። እኔን ግን አላዩኝም። ያን ቀን ቀርቶ እስከ ነቀምቴ ድረስ አንድ ቃል አልተነፈሱልኝም። ለሊሴን እንዳጣኋት ገባኝ። አልቅሻለሁ፤ ምን እደብቃለሁ።

ሽማግሌ የላክሁት ተስፋ ኖሮኝ ሳይሆን ቁርጤን ለማወቅ ነው። ሽማግሌዎቹ ግን ወንበሩ እንኳ ሳይሞቅላቸው እሺታ ይዘው ተመለሱ። ኦቦ ቶለራ ለብቻዬ አስጠሩኝ።

«ያየኸውን አይተሃል» አሉ ግድግዳውን እያዩ። «ይህን ያየ ሰው ባዕድ ሆኖ በነቀምቴ ገበያ ሲዞር እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም። አማቼ ከሆንክ ግን አፍ የለህም።»

ጉልበታቸውን ስሜ ወጣሁ።

በሠርጉ ቀን ሊመርቁን ተነሡ። ባርኔጣቸውን አስተካከሉና ስለዚያ ባሕር ያወሩ ጀመር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

«ይህ ልጅ ከነከረባቱ ባሕር ገባ» አሉ። «ሊሰጥም ሲል እኔ ከነባርኔጣዬ ዘልዬ አወጣሁት። ሙሴ ያኒ ምስክሬ ነው!»

ዳሱ በእልልታ ቀለጠ። ሙሴ ያኒ እኔን አየ፤ አማቴን አየ። ነቀምቴ የሸበተው በከንቱ አይደለም።

«ኧረ እንደ ዓሣ ነው የዋኙት!» አለ።

ለሊሴ አባቷን አቅፋ አለቀሰች። እኔ ምን ልበል? ተነሥቼ ሕይወቴን ላተረፉልኝ ሰው ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

ይኸው ስንት ዘመን አለፈ፤ ዴዴሳ ድልድይ ላይ በደረስን ቁጥር ሚስቴ «ደግሞ እንዳትወድቅብኝ» ብላ እጄን ጥብቅ አድርጋ ትይዘኛለች። አልወድቅም እላታለሁ፤ እጄን ግን ከእጇ አላወጣም።