ኮማንደር እስቲ ካሜራ ሲመርጡ

በየመሥሪያ ቤቱ፣ ዕቃ ሲገዛ ካልነከሰው የማያምን አንድ ሰው አይጠፋም። ለአንዲት የፖሊስ ሳጅንም ዕጣዋ ሆኖ እንዲህ ያለ አለቃ ደረሳት። ፖሊሶች ደረታቸው ላይ የሚያደርጉትን ካሜራ የሚመርጥ ኮሚቴ ሲቋቋም ሰብሳቢው ክቡር ኮማንደሩ ሆኑ፤ በሌሉበት ሁሉም "ኮማንደር እስቲ" ይሏቸዋል። ጸሐፊዋም መሞከሪያዋም ሳጅኗ ነበረች።

የመጀመሪያው ሻጭ ካሜራውን ከሳጥን አውጥቶ ማሞገስ ሲጀምር፣ ኮማንደሩ "እስቲ" ብለው ተቀበሉትና ባልዲ ውሃ ውስጥ ጨመሩት።

"ኧረ ጌታዬ! ዋጋው እኮ..."

"ሌባ ዝናቡ እስኪያባራ አይጠብቀንም፣ ልጄ።"

ሁለተኛውን ሳጅኗ ደረቷ ላይ አድርጋ ደረጃውን በሩጫ እንድትወጣ አዘዟት። ቪዲዮው ሲታይ ጣሪያና የገዛ አገጯ ብቻ። ሦስተኛው ሻጭ ብልጥ ነበር፤ ጠጋ ብሎ "ይሄ እንኳ ያልተመቸዎትን ቀረጻ በአንድ ቁልፍ ያጠፋልዎታል" አላቸው። ይሄን ውሃ ውስጥ እንኳ ሳይነክሩ መለሱለት።

"እኛ የምናጠፋው ከሆነ ማን ያምነናል?"

የሌሎች ጣቢያዎች ፖሊሶች ካሜራ አድርገው ሲንጎራደዱ፣ ሳጅኗ ገና ደረጃ ትወጣለች። ማታ ለእናቷ "እኚህ ሰውዬ ሚስታቸውንም እንዲህ ይሆን የመረጡት?" ብላ አማረረች።

"ታዲያ እስካሁን አብረው አይደሉ?" አሏት እናቷ።

በመጨረሻ አንዱ ካሜራ ሁሉንም ፈተና አለፈ። ለሙከራ አድርጋው በወጣችበት ቀን አውቶቡስ ተራ ደረጃ ላይ ሁለት ሰዎች ተያያዙ። ልትገላግል መሃል ገባች። አንደኛው ከደረጃው ወድቆ ክንዱ ተሰበረ። "ገፈተረችኝ!" ብሎ ጮኸ፤ ያየውም ያላየውም መሰከረ። ሳጅኗ ጉዳዩ እስኪጣራ መታወቂያዋን አስረክባ የጣቢያው በረንዳ ላይ ቁጭ አለች። የባሰው ደግሞ ራሷን መጠራጠሯ ነው። በዚያ ግርግር እጄ ምን እንደሠራ በምን አውቃለሁ?

ኮማንደሩ ሰውየውም ምስክሮቹም ባሉበት ቪዲዮውን ከፈቱ። ሰውየው ወደ ኋላ ሲንገዳገድ የሳጅኗ እጅ ተወርውሮ ኮቱን ጨበጠ፤ ኮቱ ተቀደደ፤ እጅጌው እጇ ላይ ቀረ፣ ሰውየው ወረደ።

"ከቪዲዮው ያጠፋችሁት ይኖራል" አለ የሰውየው ወንድም።

"የሚያጠፋውንማ ካሜራ ለሻጩ መልሰነዋል" አሉ ኮማንደሩ።

ሰውየው በጀሶ የታሰረ ክንዱን አቅፎ ወደ ሳጅኗ ዞረ። "እኔ እጅ ሲነካኝ የገፋሽኝ መስሎኝ ነው፤ ይቅር በይኝ እህቴ" አላት። ሳጅኗ እፎይ አለች፤ እፎይታው ግን ከእንባ ጋር መጣ። ኮማንደሩ አይተው እንዳላዩ፣ እስክትጨርስ ድረስ ካሜራውን ሲያገላብጡ ቆዩ።

በሳምንቱ የፖሊስ ጫማ የሚመርጥ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰብሳቢው ኮማንደር እስቲ መሆናቸው ሲነገር አዳራሹ በሙሉ አንገቱን ደፋ። ጫማውን የሚሞክር ሲጠየቅ አንድ እጅ ብቻ ወጣ።

"የእግሬ ቁጥር ሠላሳ ስምንት ነው" አለች ሳጅኗ።