ሽማግሌ የገባበት ኦፔራ

ሰው ሚስት የሚያገኝበት መንገድ ብዙ ነው። አንዱን አክስቱ ትመርጥለታለች። አንዱ ለቅዳሴ ብሎ ሄዶ ዓይኑ ሌላ ቦታ ያርፋል። አንዱ ደግሞ ቤት ሊከራይ ገብቶ የአከራዩን ልጅ ያገባና ከኪራይም ይገላገላል። ታዲያ በጀርመን ኦፔራ ሚስት ያገኘ ሰው ታውቃላችሁ? እንግዲያው ተዋወቁኝ።

ነገሩ የሆነው ባቡሩ አቃቂ ጣቢያ ሲደርስ ባፏጨ ቁጥር ሰዓት ያለው ሰዓቱን፣ የሌለው ምሳውን በሚያስተካክልበት ዘመን ነው። እኔ ከድሬዳዋ በባቡር መጥቼ በጥጥ ፋብሪካው መጋዘን ጭነት አውራጅ ሆኜ ነበር። ጫልቱን ወደድኳት። ጫልቱም፣ ዛሬ ብትክድም፣ ወዳኛለች። ችግሩ አባቷ ናቸው። አባባ ቱሉ የአቃቂ ተወላጅ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሐዲድ ሲጠብቁ የኖሩ፣ በሰፈሩ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የሌለ ሽማግሌ ነበሩ። ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁባቸው፤ ሁለት ጊዜ መለሱብኝ። «ባቡር ያመጣው በባቡር ይሄዳል፤ ልጄንም ይዞብኝ ይሄዳል» አሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሚመጣውንና የሚሄደውን ሲቆጥሩ ለኖሩ ሰው ምን ብላችሁ ትከራከራላችሁ? የቀረኝ አንድ ዕድል ነው። ሦስተኛው ሽምግልና ከተመለሰ ጫልቱን ለሌላ ይድሯታል። ያን እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁ፤ የምልከው ሽማግሌም አልቆብኝ ነበር።

በዚህ መሀል ሙሴ ኦቶ ኦፔራ አመጣብን። ሙሴ ኦቶ የፋብሪካው ዋና መካኒክ ሲሆን፣ ሃያ ዓመት አቃቂ የኖረ፣ አማርኛውን ከሠራተኛው፣ ስድቡን ከሹፌሮች የተማረ ጀርመናዊ ነው። አያቱ በዚያ በድሮው ዘመን ባሕር ተሻግረው ሲሰደዱ፣ ከአገራቸው ልጆች ጋር መጋዘን ውስጥ እየተሰበሰቡ የሚጫወቱት አስቂኝ ኦፔራ ነበራቸው አሉ። የዘፈኑ ደብተር ከአያት ወደ ልጅ ልጅ ወረደ። ሙሴ ኦቶም አገሩ ሲናፍቀው ደብተሩን አወጣ። የእኛ ሰው ሲናፍቀው ጥግ ይዞ ያንጎራጉራል። ጀርመን ግን ለናፍቆትም ልምምድ ያስፈልገዋል፤ በአቃቂ ያለውን ፈረንጅ ሁሉ ሰብስቦ ሦስት ወር አለማመደ።

እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የጥጥ መጋዘናችን ቲያትር ቤት ሆነ። ለሽማግሌዎች ከፊት ወንበር ተደረደረ፤ ሌላው ሰው የጥጥ እስር ላይ ተቀመጠ። እንደዚያ የሚመች መቀመጫ ያለው ቲያትር ቤት ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ጣሊያኑ የጭነት መኪና ሹፌር አኮርዲዮን ይዟል። ከፋብሪካው አቡጀዲ የተሰፋውን መጋረጃ እንድጎትት የተሾምኩት እኔ ነኝ። ሹመት አይናቅም። በዚያ ላይ ከአባባ ቱሉ ዓይን ለመሸሸግ ከመጋረጃ ጀርባ የተሻለ ቦታ የት ይገኛል?

ዘፈኑ በጀርመንኛ ነው፤ ነገሩ ግን ለማንም ግልጽ ነበር። ሙሴ ኦቶ የጥጥ ጢም ለጥፎ የልጅት አባት ሆኗል። የግሪኩ ባለሱቅ ልጅ ልጅቷን ሆናለች። አርመኑ ጫማ ሰሪያችን ደግሞ እጮኛው ነው። አርመኑ ተንበርክኮ እየዘፈነ ለመነ። ሙሴ ኦቶ «ናይን!» አለ። ይቺን ቃል የፋብሪካው ሠራተኛ ሁሉ ያውቃታል፤ ፈቃድ የጠየቀ ሁሉ ሰምቷታል። አርመኑ ደግሞ ለመነ። «ናይን!» ሕዝቡ አጉረመረመ። ሦስተኛ ጊዜ እግሩ ላይ ወደቀ። «ናይን!»

አባባ ቱሉ ከዘራቸውን ይዘው ተነሡ። ሽማግሌ ብቻውን አይሄድምና ሁለቱ ጎረቤቶቻቸውም ተከተሏቸው። ሦስቱም መድረኩ ላይ ወጡ። አኮርዲዮኑ ትንሽ አቃሰተና ዝም አለ።

«ሙሴ ኦቶ» አሉ አባባ ቱሉ፣ «ጨዋታ መሆኑን እኛም አናጣውም። ግን ሰው እግር ላይ ወድቆ እያየን ቁጭ ብንል በጨዋታም ነውር ነው። አባት ሦስት ጊዜ ከተለመነ ይበቃል። ስለ እኛ ብለህ ልጅቷን ስጥ።»

ሙሴ ኦቶ ጢሙን እያሻሸ አሰበ፤ ግማሹ እጁ ላይ ቀረ። ሃያ ዓመት በከንቱ አልኖረም። «እሺ፣ ስለ እናንተ ብዬ ሰጥቻለሁ» አለና ሕዝቡ እልል ሲል እሱ ራሱ ከአርመኑ ጎን ተንበረከከ። «አሁን ደግሞ እኔ ሽማግሌ ነኝ። ይሄ መጋረጃ የሚጎትተው ልጅ ሁለት ጊዜ ለምኖዎት መልሰውታል። ሦስተኛው ለማኝ እኔ ነኝ። አባባ ቱሉ፣ ጫልቱን ይስጡት።»

በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም ማለት ይህ ነው። አባባ ቱሉ ዞረው አዩኝ። እኔ ደግሞ ደንግጬ ገመዱን ለቀቅኩት። ያ ሁሉ አቡጀዲ በሽማግሌዎቹም በጀርመኑም በአርመኑም ላይ ወደቀ። ከሥሩ ከዘራና ክርን ሲተራመስ ይታየኛል። አበቃልኝ አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ዕንባዬ መጣ።

ከዚያ ከአቡጀዲው ሥር የአባባ ቱሉ ድምፅ ተሰማ። «ሰጥቻለሁ! ግን ልጄን ይዘህ ባቡር እንዳትሳፈር! በል አሁን ይሄን ጨርቅ አንሣልኝ!»

እንዲህ ተዳርኩ። ኦፔራውም አንደኛው ገቢር ላይ ቀረ፤ አባት ልጁን ከሰጠ በኋላ ምን የሚዘፈን ነገር አለ? ቃሌንም ጠብቄአለሁ። ለዚህ ባቡሩም አግዞኛል፤ ሥራው ተቋርጦ እሱ ቀድሞኝ ሄደ፣ እኔ አቃቂ ቀረሁ። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል። አባባ ቱሉን አፈሩ ይቅለላቸው፤ ለማይዛመዳቸው አርመን ባይነሡ ኖሮ እኔ ዛሬ ሰው አልነበርኩም። ሙሴ ኦቶንም አመሰግናለሁ፤ የአያቱን ናፍቆትና የሦስት ወር ልምምዱን ሰውቶ ነው ሚስት የሰጠኝ።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። ሙሴ ኦቶ ወደ አገሩ ሊገባ ሲሰናበተን፣ ያ ኦፔራ መጨረሻው ምን ነበር ብዬ ጠየቅሁት። ምን ሆኜ ጠየቅሁ? በሦስተኛው ገቢር፣ አለ እየሳቀ፣ እጮኛው ሰነፍና ወሬኛ ሆኖ ይገኛል፤ አባትየው ልክ ነበሩ። አባባ ቱሉ ይህን ሳይሰሙ በማረፋቸው አምላኬን አመስግኛለሁ። ጫልቱ ግን አጠገቤ ቆማ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ ጣሪያው ሲያፈስ «ነገ እጠግነዋለሁ» ባልኩ ቁጥር፣ ባልዲውን እያስጠጋች «ሦስተኛው ገቢር ጀመረ» ትላለች።