ለቅሶ ላይ የቦረቀው ዳማ

ሰው ታቦት ፊት ቆሞ ይዋሻል። መጽሐፍ መትቶ ይዋሻል። እናንተም ብትሆኑ ዛሬ ጠዋት ከአልጋ ሳትወርዱ "መንገድ ላይ ነኝ" ብላችኋል… ግድ የለም፣ አልፈርድም! ፈረስ ላይ ተቀምጦ የዋሸ ሰው ግን ገና አልተወለደም።

የዛሬዋን ባለቤቴን ማስተዋልን ለማግባት ሽማግሌ ልኬ ነበር። አባቷ አያ ጓዴ ከዳባት ወረድ ብሎ ባለ መንደር የሚኖሩ፣ ሲቆጡ ውሻቸው እንኳ ጅራቱን የሚሸጉጥ ገበሬ ናቸው። ሽማግሌዎቼን "እንመካከርበት" ብለው ሸኟቸው። ተመካክረው ሳይጨርሱ ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አክስታቸው አረፉ። እንግዲህ አስቡት! በእኛ አገር አማች የሚመዘነው በሰርግ አይደለም፣ በለቅሶ ነው። ደረቱን የደቃ ልጅ ያገባል፤ ዳር ቆሞ ስልኩን የነካካ "ያ ደረቅ" እንደተባለ ይቀራል።

መንደሩ መኪና አይገባውምና ከጎረቤቴ ከቄስ ሙላው ዳማ ፈረሳቸውን ተዋስኩ።

"ልጀ፣ ከልጓሙ ይልቅ ልብህን ያዝ" አሉኝ ኮርቻውን እያጠበቁ።

"ምን ማለትዎ ነው አባ?"

"ይህ ፈረስ የተቀመጠበትን ሰው ልብ ይሰማል። ስትፈራ ይፈራል፣ ስትቆጣ ይቆጣል። እኔ እንኳ ከባለቤቴ ተኳርፌ የወጣሁ ቀን እስከ ቤተ ክርስቲያን ያነክሳል።"

"እኔማ ሐዘን ላይ ነኝ።"

"እንግዲያ አንገቱን ደፍቶ ያደርስሃል።"

እውነትም! ዳማው ቀስ እያለ ይሄዳል፤ እኔ "ወይኔ እማማ!" እያልኩ ለቅሶ እለማመዳለሁ፤ እሱም በረጅሙ ይተነፍሳል። ጉብታው ላይ ስንደርስ ኔትወርክ መጣ… ስልኬም ጮኸ። ማስተዋል ናት።

"አባዬ ለእማዬ ሲነግራት ሰማሁ!" አለች በሹክሹክታ።

"ምን አላት?"

"'ከሠልስቱ በኋላ ሽማግሌዎቹን እሺ እላቸዋለሁ' አላት። አደራህን በደንብ አልቅስ፣ ሐሳቡን እንዳይቀይር!"

ፊቴን አጨፈገግሁ፤ ቅንድቤ አፍንጫዬ ላይ እስኪወርድ! ልቤን ግን ማን ያጨፍግግልኝ? ዳማው ጆሮውን አቆመ። ነጠር አለ። "ተው፣ ለቅሶ ነው!" አልኩት። ነጠር፣ ነጠር… ከዚያ ሶምሶማ፣ ከዚያ ሽምጥ! ወጉ ከሩቅ ወርዶ በእግር እያለቀሱ መግባት ነበር። ማን ያውርደኝ! "ወይኔ እማማ! ወይኔ!" እያልኩ ስጮህ ዳማው ጭራውን ነስንሶ ለቀስተኛው መሀል ገባና እየዘለለ ይሽከረከር ጀመር። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ የእኔ አንጀት ግን እስክስታ ላይ ነበር። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ያሉትም ፈረስ ተውሰው የማያውቁ ሰዎች መሆን አለባቸው።

አልቃሿ ሴትዮ ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል ወዲያው ገጠመች፦

"አገር ደረት ሲደቃ፣ እንባው ሲንዠቀዠቅ፣
ምን ሰምቶ ይሆን ይህ ፈረስ የሚቦርቅ?"

አያ ጓዴ ብድግ ብለው ልጓሙን ያዙ።

"ምንድን ነው ይኸ?"

"አያ፣ ፈረሱ…"

"ፈረሱን አውቀዋለሁ፣ የቄስ ሙላው ነው። አንተ ምን ሰምተህ ነው?"

"እሺ ሊሉ ነው ሲሉኝ ጊዜ… ደስ ብሎኝ ነው አያ። ይቅር ይበሉኝ።"

አለቀልኝ፣ ማስተዋልን አጣኋት አልኩ። ከዚያ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡና ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። ለቀስተኛው "አይዞዎት፣ እድሜ ጠግበው ነው እኮ የሄዱት!" እያለ ሊያጽናናቸው ተንጋጋ። ከጋቢው ሥር ሲስቁ የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ።

"ልጀን አገኘሁ ብሎ ፈረስ ያስጨፈረ ሰው እንዴት እምቢ ይባላል?" አሉኝ ቀስ ብለው። "በል አሁን ውረድና አልቅስ።"

ወርጄ አለቀስኩ። እንባው እንደሆነ ራሱ መጣ፤ እኔም ከየት እንደመጣ ለማንም አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲያ ዳማው ባለውለታዬ ሆነ። በዓመቱ ለሰርጌም ከእሱ በቀር አልቀመጥም ብዬ ድርቅ አልኩ። ቄስ ሙላው ያን ቀንም "ልብህን ያዝ" ቢሉኝ ሳቅሁባቸው። በሰርጉ ቀን የሙሽራ ልብ ከደስታ ሌላ ምን ያውቃል? ያገባችሁ ግን ነገሩ ገብቷችኋል… እዚያች ጉብታ ላይ ስንደርስ ድንገት ትዝ አለኝ። ዕድሜ ልክ እኮ ነው! ሚስት፣ ልጆች፣ የልጆች ልጆች፣ የአያ ጓዴ ቁጣ… ላብ አጠመቀኝ። ዳማው ጆሮውን ጣለ። ሚዜዎቼ እየዘፈኑ አቧራ ሲያስነሱ እሱ አንገቱን ደፍቶ፣ በየአሥር እርምጃው እየተከዘ፣ እግሩን እየጎተተ ከሙሽራዋ ቤት ደጃፍ ደረሰና በረጅሙ ተነፈሰ።

አያ ጓዴ ፈረሱን አዩት። እኔን አዩኝ።

"ኧረ ልጀ!" አሉ አገር በሚሰማው ድምፅ፤ "የአክስቴ ለቅሶ እኮ አምና ነው!"