ሽማግሌ የገባበት የሀንጋሪኛ ዲፌንሴ

ዛሬ ሽማግሌ ተነሣልኝ። ለጋብቻ እንዳይመስላችሁ።

ለሀንጋሪኛ ግስ ነው።

ዓመታት የፈጀብኝን ፒኤችዲ ዛሬ ፈታኞች ፊት ዲፌንድ አደረግኩ። ካላለፍኩ የተቀጠርኩበት የማስተማር ሥራም አብሮ ይቀራል።

ርዕሱ ይሄ ነው። በሀንጋሪኛም "መተኛት" ተሳቢ አይፈልግም። ሰዎቹ ግን ጥሩ እንቅልፍ ሲተኙ "አንድ ትልቅ ተኛሁ" ይላሉ። ሲያስላቸውም "አንድ ሳልኩ"። ያ "አንድ" ተሳቢ ይመስላል እንጂ የድርጊቱን ልክ ነው የሚነግረን ባይ ነኝ። (ማን ጠየቀሽ እንዳትሉኝ፣ እናቴ ብላኛለች።)

ጥፋቴ፣ "ለሁሉም ክፍት ነው" የሚለውን ግብዣ ለእናቴ መላኬ። እሷ ደግሞ ለቤተክርስቲያኑ ግሩፕ አስተላለፈችው።

ምዕመናኑ ሐበሻ ከሚበዛበት ሰፈራችን፣ ከታከር፣ ነጠላቸውን ለብሰው መጡ። የፊቱን ወንበር ሞሉት።

ዋናው ፈታኝ ፕሮፌሰር ጀመረ። "'አንድ ትልቅ' የእንቅልፉን ርዝመት ከለካ፣ ሳሉ ላይ ያለው 'አንድ' ምኑን ይለካል?"

"ብዛቱን።"

"ታዲያ ርዝመትና ብዛት እንዴት አንድ ነገር ይሆናሉ?"

የሆነ ነገር ቀባጠርኩ። "አላሳመንሽኝም" አለ። ጥያቄውን ደገመው። እኔም መቀባጠሬን ደገምኩ።

ይሄኔ ጋሽ ተፈራ ተነሡ። የደብራችንን ባልና ሚስት ሁሉ ያስታረቁ ሰው ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው ፕሮፌሰሩ ፊት ቆሙ።

"ፕሮፌሰር፣ እርስዎም ትልቅ ሰው ነዎት፣ እሷም ልጅዎ ናት። ካጠፋች ስለ እኛ ይተዉላት" አሉ በእንግሊዝኛ። "እርስዎ አንድ ጥያቄ ይተዉ፣ እሷም አንድ ግስ ትተዋለች።"

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ፕሮፌሰሩ "የትኛውን ግስ?" አለ። ከምሩ ነው የጠየቀው።

ጋሽ ተፈራ ወደ እኔ ዞሩ። "በይ ልጄ፣ የቱን ትተዪላቸዋለሽ?"

"ማሳልን" አልኩ።

አዎ፣ እኔ ነኝ ያልኩት። አንድ ሙሉ ምዕራፍ ነበር። ማንም አላስገደደኝም።

ከክፍሉ አስወጡን፣ መልሰው ጠሩን። አልፌያለሁ። የሳሉ ምዕራፍ ይውጣ ተብሏል። ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ የጨበጠው ጋሽ ተፈራን ነው።

እናቴ ስታለቅስ፣ ሰው ሲስመኝ፣ እኔ አፍሬ ነበር። ጥያቄውን እኮ እስካሁን አልመለስኩትም። መልሱንም አላውቀውም።

እስቲ ፍረዱኝ፣ አለፍኩ ነው የሚባለው ወይስ ታረቅኩ?