የተሸነፈው ሰውዬ የት ገባ?

ሰው ስለ ሩቅ አገር ሲጠየቅ ደፋር ነው። የጎረቤቱን አጥር ማን እንዳፈረሰው ብትጠይቁት «እኔ ምን አውቄ» የሚል ሰው፣ ባሕር ማዶ ስላለ መንግሥት ብትጠይቁት ወንበሩን ወደ ፊት ሳብ ያደርጋል። በደርግ ዘመን እኛን ጉለሌዎችን በዚህ የሚወዳደረን አልነበረም። ዋሽንግተን ውስጥ ማን ከማን እንደተኳረፈ እናውቃለን። ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጀርባ፣ ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ያለውን ግን አናውቅም። ለማወቅም አንቸኩልም ነበር። መንገዳችን በዚያ በኩል ከሆነ ዓይናችንን ወደ እንጦጦ አንስተን ባሕር ዛፍ እናደንቃለን። ያን ያህል ዛፍ የሚወድ ሕዝብ ከዚያ ወዲህ አላየሁም።

ከዚህ ሁሉ አዋቂ መካከል ስለ አሜሪካ ዋነኛው አዋቂ እኔ ተባልኩ። እንዴት ቢባል፣ ማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ነበርኩ። ከእርሳስ የተሠሩ ፊደሎችን ከሳጥን እያነሳሁ፣ አንድ በአንድ እየደረደርኩ ጋዜጣ አደርጋቸዋለሁ። የውጭ ዜናው ገጽ የእኔ ድርሻ ነው። የእርሳስ ፊደል የሚደረደረው ደግሞ በመስታወት እንደሚታይ ሁሉ ተገልብጦ ነው። ስለዚህ የዓለምን ዜና ለዓመታት ያነበብኩት ገልብጬ ነው። ለዚያ ዘመን ጋዜጣ መጥፎ የማንበቢያ ዘዴ አልነበረም።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ዘውዴ ይባል ነበር። ከአብዮቱ በፊት ዊንጌት አካባቢ ጎሚስታ ነበረ፤ ጎማ ሲለጥፍ ነው የማውቀው። ያኔ ጋሽ ዘውዴ እለው ነበር። ማታ ማታ በቤታችን በኩል ሲያልፍ እናቴ ለእራት ሳትጠራው አትቀርም፣ እሱም ተጠርቶ አይቀርም። እጁን ሁለት ጊዜ በሳሙና ታጥቦ፣ ግራሶው አልለቅ ብሎት፣ በማንኪያ ይበላ ነበር። አብዮቱ መጣ፣ ሽጉጥ ታጠቀ፣ ጓድ ሆነ፣ እራት መምጣቱን ተወ። ከወንድሜ ነገር በኋላ ደግሞ መንገድ ላይ ከእናቴ ጋር ሲገናኙ እሱም ባሕር ዛፍ ማድነቅ ጀመረ።

የወንድሜን ነገር ባጭሩ ልናገር። ግርማ ታላቄ ነው። አንድ ጠዋት ቁርስ ላይ እያለ «ለአንዳንድ ነገር ትፈለጋለህ» ብለው የቀበሌው ጥበቃዎች ወደዚያ ቆርቆሮ አጥር ወሰዱት። የጀመረውን ሻይ እንኳ አልጨረሰም። እናቴ ስንቅ ታመላልስ ነበር። አንድ ቀን የእስር ቤቱ ዘበኛ ሳህኑን መልሶ ሰጣትና «ተዛውሯል» አላት። ወዴት ብትለው፣ «ተዛውሯል በቃ» አላት። ሌሎች እናቶች «ከእንግዲህ ምግብ አታምጪ» ነበር የሚባሉት፤ እነሱ ቁርጣቸውን አውቀው ተመለሱ። ለእናቴ የተነገራት ግን መዛወር ነው። የተዛወረ ሰው ደግሞ ይመለሳል። ከዚያን ቀን ጀምራ የበራችንን መወርወሪያ ወርውራ አታውቅም፤ ገርበብ አድርጋው ትተኛለች። ሌባ ይገባብናል ብላት፣ ሌባ ምን ይወስዳል፣ የሚወሰደውን ወስደውታል አለችኝ። ሁለተኛ አላነሳሁባትም።

ወንድሜ ከተወሰደ ሦስት ዓመት አልፎ፣ አሜሪካኖች ፕሬዚዳንት መረጡ። ለአገራቸው የሚበጅ መስሏቸው ነው። ጣጣው ግን ለእኔ ተረፈ። ጓድ ዘውዴ አስጠርቶኝ፣ በእሑዱ ስብሰባ ላይ «የኢምፔሪያሊስቶች የይስሙላ ምርጫ» በሚል ርዕስ ገለጻ እንድሰጥና የሕዝቡን ጥያቄ እንድመልስ አዘዘኝ። ከቀበሌው በላይ ካለው ከከፍተኛው የሚመጣ ካድሬ አለ፤ ሕዝባችን ንቁ መሆኑን እናሳየው አለኝ። ጥያቄ የሚጠይቅ ከሌለስ ብለው፣ በሞኝነቴ አዘነልኝ። ጥያቄዎቹን ቅዳሜ ራሱ በየቤቱ እየዞረ አድሏል። ለማን ምን እንደደረሰ ነገረኝ፣ መልሱንም ነገረኝ። እንግዲህ ጥያቄውም መልሱም ከአንድ ቤት ከወጣ የእኔ ሥራ ምንድነው? መሐል ላይ ቆሞ መሽቀዳደሙን ማየት ነው።

እሑድ አዳራሹ ሞላ። የቀረ ሰው ከቀበሌው ሱቅ ስኳር ስለማያገኝ፣ የሞላው አዳራሽ ሁሉ የንቃት ምልክት ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ካድሬው ፊት ለፊት ተቀመጠ። ከኋላ፣ ከሴቶቹ መሐል፣ እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ተቀምጣለች። በእንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ አንድ ቃል ተናግራ አታውቅም።

ገለጻውን ጀመርኩ። በአሜሪካ ሥልጣን የሚፈልግ ሰው በየከተማው፣ በየገበያው ይዞራል አልኩ። የማያውቀውን ሰው እጅ ይጨብጣል። የማያውቃትን ሴት ሕፃን አቅፎ ይስማል። የሰጡትን ይበላል፣ ባይጥመውም ጣፈጠኝ ይላል። ከዚያ እባካችሁ ምረጡኝ ብሎ ይለምናል፤ ዘንድሮም ሁለት ለምነው አንዱ ተሸነፈ። ይህ ሁሉ ሰፊውን ሕዝብ ለማታለል ነው ብዬ ጨረስኩ፤ እንደታዘዝኩት። አዳራሹ ግን ማታለሉን የሰማ አይመስልም ነበር። ከኋላ ሴቶቹ ይንሾካሾካሉ። አንዷ ራሱ ነው የሚመጣው? ስትል፣ ሌላዋ ራሱ ነው አለ እኮ ትላታለች። ለምኖ? አዎ ለምኖ። አይ ሰው መሆን!

የመጀመሪያው ጥያቄ የደረሳቸው የቀጨኔው ሸማኔ አባባ ሞላ ነበሩ። «ሁለቱም ፓርቲዎች የቡርዧው አገልጋዮች አይደሉም ወይ?» እንዲሉ ነው የተነገራቸው። ተነሡና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ከዚያ «ልጄ ጥላሁን… ጓድ ጥላሁን ማለቴ፣ ሁለቱም አንድ ናቸው በል ብሎኛል ሊቀመንበሩ። እሺ ይሁን። አንድ ከሆኑ ታዲያ ምን ያጣላቸዋል?» አሉ።

ይህ መልስ አልተነገረኝም። ወንበሩ አንድ ስለሆነ ነው አልኩ። አዳራሹ ሳቀ። ጓድ ዘውዴ አልሳቀም፤ ወንበሩ ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ። አባባ ሞላ ግን ጥያቄ ጥሟቸዋል፣ አልተቀመጡም። ያ ለምኖ እምቢ ያሉትን ሰዎች በኋላ ምን ያደርጋቸዋል አሉኝ። ምንም አልኩ። እንዴት ምንም? ምንም አባባ፣ እጃቸውን ጨብጦ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። እሳቸውም ወደ ጎረቤታቸው ዞር ብለው፣ ይሄ ልጅ አሜሪካን አያውቃትም አሉና ተቀመጡ።

ጓድ ዘውዴ የታደሉት ጥያቄዎች ቶሎ እንዲወጡ በዓይኑ የኋላውን ወንበር ይጎነትላል። ያን ጊዜ እናቴ ተነሣች።

ለእሷ ጥያቄ አልታደለም። ከሦስት ዓመት በፊት ጀምሮ ስፈራው የነበረው አንድ ነገር ይሄ ነው፤ እናቴ ተነሥታ ስለ ግርማ ትጠይቃለች፣ እሷም እዚያው ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ ትገባለች። ጓድ ዘውዴም የፈራው ይህንኑ መሰለኝ፤ ጎማ ሲፈነዳበት ያደርግ እንደነበረው አንገቱን ሰበር አደረገ።

«ጥላዬ» አለችኝ። አዳራሹ ሳቀ። ጓድ በይው እማማ አላት አንድ ጥበቃ። «ወልጄ፣ አጥቤ፣ ጓድ?» አለችው፣ እንደገና ተሳቀ። ሳቁ እስኪያልፍ ጠበቀች። ከዚያ፣ «ያ የተሸነፈው ሰውዬ» አለች፣ «የት አዛወሩት?»

ሳቅ ጠፋ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ «ተዛውሯል» የሚለውን ቃል የማያውቅ ቤት ጥቂት ነበር።

ጓድ ዘውዴ ከካድሬው ጀርባ ሆኖ በእጁ ቁረጠው ቁረጠው ይለኛል። ቀላሉ መልስ አጠገቤ ነበር፤ ኢምፔሪያሊስቶች እርስ በርስ ይበላላሉ፣ ይኸኛውንም በልተውታል ብሎ መቀመጥ። ካድሬው ደስ ይለዋል፣ እኔም ቤቴ እገባለሁ። ግን እናቴ የምትጠይቀው ስለ አሜሪካዊው እንዳልሆነ እኔም እሷም እናውቃለን። በልተውታል ካልኩ ይዛው ቤት የምትገባው እሱን ነው። ያን ማታ መወርወሪያው ይወረወራል።

«አላዛወሩትም እማዬ» አልኳት። «ቤቱ ገባ።»

«ቤቱ?»

«ቤቱ።»

«በሰላም?»

«በሰላም።»

«እራቱንም በላ?»

ይህን የትኛውም ጋዜጣ አልጻፈውም። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ዜና ለቅሜ አላውቅም። «በላ» አልኳት።

እናቴ እልል አለች።

ብቻዋን አልቀረችም። አጠገቧ የነበረችው ሴት ተቀበለቻት፣ ከዚያ ሌላዋ፣ ከዚያ የኋላው አዳራሽ በሙሉ። በዚያ አዳራሽ ጭብጨባ የሚጀመረው ሊቀመንበሩ ሲጀምር ነው፣ የሚያበቃውም እሱ ሲያበቃ። እልልታ ግን አዛዥ አልነበረውም፤ ለዚያ ማንም አላሰበለትም። አባባ ሞላ ቆመው ያለቅሳሉ። በምድር ላይ ብዙ ሰው ምርጫ ተሸንፏል፣ ተሸንፎ ቤቱ በመግባቱ እልል የተባለለት ግን ያ ሰው ብቻ ይመስለኛል። ያውም ጉለሌ፤ ያውም ሳያውቀው።

ካድሬው ወደ ጓድ ዘውዴ ዞሮ እልልታው ለምንድነው አለው። ዝም ካለ ሁላችንም አለቀልን። እሱ ራሱ መጀመሪያ ያልቃል። ጎሚስታ ግን ቀዳዳ መድፈን ያውቃል። ዘሎ ተነሣና ግራ እጁን ጨብጦ ሽቅብ አነሣ። «ሰፊው ሕዝብ በአንድ ኢምፔሪያሊስት መሸነፍ የተሰማውን ደስታ እየገለጸ ነው፣ ጓድ! ኢምፔሪያሊዝም ይውደም!» አለ። አዳራሹ ይውደም አለ። እናቴም እንባዋን በቀኟ እየጠረገች ግራ እጇን አነሣች። ካድሬው ጻፈው። ቀበሌያችን በንቃቱ ተመሰገነ።

ስወጣ ጓድ ዘውዴ በር ላይ ክንዴን ያዘኝ። «አንተ ልጅ፣ ሁለተኛ ሰው ቤቱ እንዳታስገባ» አለኝ። እሺ ጓድ አልኩት። አልለቀቀኝም። ግራ ቀኙን አየና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እውነት ነው ግን አለኝ። ምኑ ብለው፣ መግባቱ አለ። እውነት ነው ጋሼ አልኩት። እንዲህ ዝም ብሎ፣ በእግሩ? በእግሩም በመኪናም፣ እንደተመቸው። ክንዴን ለቀቀኝና ባሕር ዛፉን አየ።

እናቴ ቤት ስንደርስ፣ ደግሞ መቼ ነው የሚመርጡት ብላ ጠየቀችኝ። በአራት ዓመት አንዴ ነው አልኳት። በአራተኛው ዓመት ከእኔ ቀድማ አስታወሰች። ማን አሸነፈ ብላ አልጠየቀችም፤ አሸናፊ ግድም አልሰጣት። የተሸነፈውስ አለች። ገባ አልኳት። ተመስገን አለችና ሄዳ በሩን ገርበብ አደረገችው። በስምንተኛውም ዓመት እንዲሁ። አንዳንዴ አስበዋለሁ፣ እዚያ ማዶ ስንት ሚሊዮን ሕዝብ ተሰልፎ ድምፁን የሚሰጠው ለካ እናቴ በሯን ሳትቆልፍ እንድታድር ነው።

ከዚያ የደርግ ተራ ደረሰ። ግንቦት ላይ ከተማው ከእጃቸው በወጣበት ሳምንት፣ አመሻሽ ላይ፣ የተገረበበው በራችን ቀስ ብሎ ተከፈተ። እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ቀረች። እንደዚያ ያለ ፊት አይቼባት አላውቅም፤ ልገልጸውም አልሞክርም።

የገባው ጋሽ ዘውዴ ነበር። ሽጉጡ የለም። ኮፍያውን በእጁ ይዟል። ከቤታችን ውስጥ ካየሁት አሥር ዓመት ይበልጠዋል። እናቴ ቀስ ብላ ተቀመጠች። እሱ ደፉ ላይ ቆሞ፣ «እትዬ ብርቄ» አላት፣ «እኔንስ ወዴት የሚያዛውሩኝ ይመስልሻል?»

ውኃና ሳሙና አቀረበችለት። ሁለት ጊዜ ታጠበ፤ ግራሶ ግን እጁ ላይ አልነበረም። አቀረበችለት፣ በላ። ሳህኑን ስታነሣ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ግርማን የት አደረሳችሁት አለችው። ወለሉን አየ። እዚያ የሚያደንቀው ዛፍ አልነበረም። «ለእኔም ተዛውሯል ነው ያሉኝ» አለ።

እናቴ ያን ያህል ዓመት በሯን ሳትቆልፍ ስትጠብቅ፣ በዚያ በር የገባው ተሸናፊ እሱ ብቻ ነው። በሰላም ገባ። እራቱንም በላ።