አቶ አንጁሎ ኤግዚቢሽን ሲጎበኙ

ኤግዚቢሽን ስትሄዱ እግራችሁን አያማችሁም? እኔን ያመኛል። አንድ ሥዕል ፊት አገጩን ይዞ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ ግማሽ ሰዓት የሚቆም ሰው ሳይ እቀናለሁ። እኔ ሦስተኛው ሥዕል ላይ ስደርስ ዓይኔ ወንበር ፍለጋ ይሄዳል። የሥዕል አስተማሪ ሆኜ እንዲህ ማለቴ ነውር ነው፤ ግን እኛው ነን፣ ማን ይሰማናል? ያም ሆኖ ክረምት መጥቶ የሆነ ቦታ ኤግዚቢሽን ተከፈተ ከተባለ አልቀርም። ለምን መሰላችሁ? ላጫውታችሁ።

ዘመኑ የደርግ ነው። ከደብረ ብርሃን ተመድቤ አርባ ምንጭ ሥዕል አስተምር ነበር። ሥዕል ስላችሁ ግን ብዙ አትጠብቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ የምጽፈው መፈክር ነው። ቀይ ቀለም ከእጄ ለቆ አያውቅም። በዚያ ላይ ፍቅር ይዞኛል። አስቴር ትባላለች፤ የዶርዜ ልጅ ናት፣ ሲቀላ በሚባለው የከተማው ክፍል አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነበረች። እሷም ትወደኛለች። ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው? አባቷ ናቸዋ!

አቶ አንጁሎ ሸማኔ ናቸው። በወጣትነታቸው ሽሮ ሜዳ ብዙ ዓመት ሸማ ሠርተው የተመለሱ ናቸውና አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ ብቻ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ» ነው የሚሉት። ከእኔ በፊት አንድ የቢሮ ሰው ሽማግሌ ልኮባቸው ነበር አሉ። ሽማግሌዎቹን በደንብ አብልተው፣ ልጁን አላውቀውም ብለው ሸኟቸው። ስለዚህ አስቴር መላ ዘየደች። አባቷ ቅዳሜ ቅዳሜ ጋቢ ሊሸጡ ከዶርዜ ተራራ ወደ ከተማ ይወርዳሉ። እኔ ስለ ጋብቻ ትንፍሽ ሳልል፣ እንደ ማንም ጓደኛ ሆኜ ከተማው ውስጥ የተከፈተውን ኤግዚቢሽን አስጎበኛቸዋለሁ። ከወደዱኝ በሳምንቱ ሽማግሌ ይላካል። ባይወዱኝስ ብዬ ጠየቅኳት። ከአባቴ ቃል አልወጣም አለች። በቃ፣ ትዳሬ በአንድ የቅዳሜ ጉብኝት ላይ ተንጠለጠለ።

ነሐሴ ላይ ነው። የሥነ ጥበብና የሕንፃ ጥበብ ኤግዚቢሽን ተብሎ ሲቀላ አንድ አዳራሽ ውስጥ ተከፍቷል። ያን ቀን ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ጓድ ለጉብኝት ይመጣሉ ተብሎ ግቢው ተጠርጎ ውሃ ተርከፍክፎበታል። አቶ አንጁሎ ቡልኳቸውን ደርበው በሰዓቱ ደረሱ። ቤት ጭምር እናያለን ስላልኳቸው ባዶ እጃቸውን አልመጡም፤ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤና ቆጮ ይዘዋል። እንግዳ ተብሎ እጅን እያወዛወዙ ይገባል እንዴ?

መጀመሪያ የነገዋን ከተማ አየን። በካርቶን የተሠሩ ፎቆች ናቸው፤ አንድ የሕንፃ ተማሪ በዱላ እየጠቆመ ያስረዳል። አቶ አንጁሎ ጎንበስ ብለው ብዙ ካዩ በኋላ ምድጃው የት እንደሆነ ጠየቁት። ልጁ ደስ ብሎት፣ ለሁሉም ፎቅ አንድ የጋራ ማብሰያ ቤት ይኖራል አላቸው። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው፣ እነዚህ ሰዎች ሚስቶቻቸውን አማክረዋል ወይ አሉኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ ወደ ፊት መራኋቸው።

ቀጥሎ የእኔ ሥዕል ነበር። ጫሞ ሐይቅ፣ አንድ ጀልባ፣ ሁለት ዓሣ አጥማጆች። ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ነው። ስሜ ከታች በትልቁ ተጽፏል። ብዙ አዩት። በመጨረሻ፣ ሰዎቹ መረብ ሳይዙ ምን ሊሠሩ ሐይቅ ገቡ ብለው ጠየቁኝ። ለካ መረቡን ረስቼዋለሁ! ስሜን በክንዴ ከለል አድርጌ ወደ ግቢው ወሰድኳቸው።

ግቢው ውስጥ እውነተኛ የዶርዜ ቤት ቆሟል። ባለሙያዎች ከተራራው መጥተው ቀርከሃ ጎንጉነው፣ ክዳኑን አልብሰው ሠርተውት ከሄዱ ሁለት ወር ሆኖታል። ፊት ለፊቱ «በእጅ መንካት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ፣ አጠገቡ ጠመንጃ የያዘ ጥበቃ። አቶ አንጁሎ ፊታቸው በራ። ግድግዳውን በጣታቸው ኳኳ አደረጉና ባለቤቱ የት አለ አሉኝ። ቤቱ የመንግሥት ነው አልኳቸው። መንግሥት ሲመሽ እዚህ ነው ወይ የሚያድር ብለው ጠየቁ። ጥበቃው ፊቱን አዞረ። እኔም ነገር ሳይመጣ ውሃ ላምጣልዎ ብዬ ወደ አዳራሹ ሸሸሁ።

ያንን ነው ማድረግ ያልነበረብኝ። የውሃውን ብርጭቆ ይዤ ስመለስ ጓዱ ከነአጃቢዎቻቸው በግቢው በር እየገቡ ነው፤ ጥበቃውም ቤቱን ትቶ ሊቀበላቸው በሩ ጋ ቆሟል። ከቤቱ ክዳን ደግሞ ጭስ እየወጣ ነው! ከአንድ ቦታ ቢሆን ደግ፤ ከጣራው ሁሉ ነው የሚተነው። ግቢው ተተራመሰ። አንዱ ባልዲ ይዞ ሮጠና ውሃውን ፎቶ አንሺው ላይ ደፋው። ጥበቃው ጠመንጃውን አቀባበለ። በዚህ መሃል አቶ አንጁሎ እጃቸውን እያራገፉ ከቤቱ በር ብቅ አሉና ሁላችንንም ግቡ አሉን።

የኤግዚቢሽኑ ኮሚቴ ሊቀመንበር ይህን ሰው ማን አመጣው እያለ ጮኸ። በዚያን ጊዜ አሻጥረኛ የተባለ ሰው ቤቱ ለመመለሱ ዋስ አልነበረውም። አስቴር ደግሞ ከሥራ ወጥታ መድረሷ ነው፤ ከሰዉ ኋላ ቆማ አየኋት። አልዋሻችሁም፣ «አላውቃቸውም» የምትለዋ ቃል አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ፈርቼ ነበር፤ በጣም ፈርቼ ነበር። ግን አባቷ ናቸው።

«እኔ ነኝ ያመጣኋቸው» አልኩ። «አማቴ ናቸው።»

ጓዱ እኔን አዩኝ፣ ከዚያ ሽማግሌውን አዩ። ቤቱን ለምን እንዳቃጠሉ ጠየቋቸው። አቶ አንጁሎ አልደነገጡም። መዳፋቸውን ዘርግተው ከወለሉ ያፈሱትን ነጭ ዱቄት አሳዩ። ነቀዝ ቀርከሃውን እየበላው ነው፤ የእኛ ቤት ጭስ ካላገኘ ዓመት አይሞላም አሉ። ቀጠሉናም፦

«ቤት ከሆነ እሳት ይፈልጋል። እሳት የማይገባበት ከሆነ፣ ምነው ቤት ብላችሁ ጻፋችሁበት?»

ጓዱ ድንገት ሳቃቸው መጣ። ለካ እሳቸውም የገበሬ ልጅ ናቸው። ጎንበስ ብለው ገቡና እሳቱ ዳር ተቀመጡ። ሊቀመንበሩም ገባ፣ ጥበቃውም ገባ፣ እኔና አስቴርም ገባን። አቶ አንጁሎ ቆጮውን ቆርሰው፣ ቅቤ ቀብተው እንደ ባለቤት አስተናገዱ። ተመስገን፣ ተረፍን ብዬ አንድ ጉርሻ ልውጥ ስል ወደ እኔ ዞሩ።

የማን አማት ነው የሆንኩት አሉኝ።

ጉርሻዬን መልሼ ቅጠሉ ላይ አኖርኩ። ጠመንጃ ያላስደነገጣቸው ሰው ቡልኳቸውን ሰብስበው ፊታቸውን አዞሩብኝ። ሽማግሌ ሳይልክ፣ ደጅ ሳይጠና፣ አደባባይ ላይ ልጄን ወሰደ አሉ፤ እንዲህ ተዋርጄ አላውቅም አሉ። አስቴር አንገቷን ደፋች። አለቀልኝ አልኩ። እውነትም አልቆልኝ ነበር፣ ጓዱ ባይነሱ ኖሮ። ቆጮአቸውን አስቀምጠው ቆሙ። የልጁ ሽማግሌ እኔ ነኝ አሉ። ጓዱ ቆመው ማን ይቀመጣል? ሊቀመንበሩ ተነሣ፣ ጥበቃው ከነጠመንጃው ተነሣ፤ ሦስቱም እንደ ደንቡ ተቀመጡ እስኪባሉ በር አጠገብ ተደረደሩ።

አቶ አንጁሎ ብዙ አስቆሟቸው። መጀመሪያ አስቴርን በቋንቋቸው አንድ ነገር ጠየቋት፤ ቀስ ብላ መለሰች። ከዚያ ልጁ ምን ሙያ አለው አሉ። ሊቀመንበሩ ሊረዳኝ ብሎ ሠዓሊ መሆኔን፣ የጫሞን ሐይቅ የሳልኩት እኔ መሆኔን ተናገረ። ባይረዳኝ ይሻል ነበር። አቶ አንጁሎ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሥዕል ውስጥ አይታደርም» አሉ። «ይህ ነገር እስኪዘጋ ይህን እሳት በየቀኑ አንተ ታነዳለህ። ቤቱ ከዳነ ልጄን ትወስዳለህ።»

ሽማግሌዎቹን ተቀመጡ አሏቸው።

እናም ኤግዚቢሽኑ እስኪዘጋ፣ ጳጉሜ እስኪያልቅ ያቺን ቤት አጨስኩ፤ ቤቷም ዳነች። እርጥብ እንጨት አይነድም፣ ይጨሳል እንጂ። ዓይኔ በርበሬ መሰለ፤ እንባዬ ሲወርድ ይውላል። ጎብኚው ይገባል፣ ግድግዳውን ያያል፣ ጣራውን ያያል፣ ከዚያ እኔን ያያል። ከኤግዚቢሽኑ ጋር የመጣሁ ይመስለው ነበር መሰል፣ በእጁ የነካኝ የለም። አንድ ቀን ከጫኖ ሙዝ ይዘው ገበያ የመጡ አንዲት እናት ገቡና ከጎኔ ቁጭ አሉ። ምን ሆነህ ነው የምታለቅሰው ልጄ አሉኝ።

ላገባ ነው እናቴ አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«አይዞህ» አሉኝ፣ «ይለመዳል።»