ክቡር ታሪክ እና የጠበኞቹ ማኅበር

በጸሐፊዎች መካከል ከሁሉ የሚፈራው ድንቅ የሚጽፈው አይደለም፤ ስለ ጸሐፊዎቹ የሚጽፈው ነው። እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት የደራስያን ስብስብ ካለ፣ ገና ሻይ እንኳ ያላዘዘ ነው።

ከማተሚያ ቤቱ በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሰበሰቡት ደራስያንም እንዲህ ያለ የራሳቸው ሰው ነበራቸው። ጡረታ የወጡ አንድ አራሚ ናቸው፤ ደራስያኑ ያወጡላቸው ስም "ክቡር ታሪክ" ነው። የራሳቸው ግጥምም ልብ ወለድም የላቸውም፤ የማኅበሩን ትዝታ ግን ሲጽፉ ኖረዋል። አንዱ ስኳር ሲያበዛ፣ ሌላው ሲያዛጋ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው "ይኼ ይጻፋል" ይላሉ። ያኔ ያዛጋው አፉን በሥርዓት ይዘጋል፤ ሲያማ የነበረውም በምሳሌ ማማት ይጀምራል።

ማኅበሩ አንድ ሕግ ነበረው፤ በአፍ መጣላት ክልክል ነው። የተቀየመ በደብዳቤ ይቀየም፤ ደብዳቤው የደረሰው ሰው በሁሉ ፊት ያንብበው፤ አስተያየትም በስድቡ ላይ ሳይሆን በአጻጻፉ ላይ ይሰጥ። ልብ ወለድ ጸሐፊው ለሐያሲዋ ሚስቱ የመለያያ ደብዳቤ ሲሰጣት፣ አንብባ ጨርሳ "ሁለተኛው አንቀጽ ይንዛዛል፤ አሳጥረህ አምጣው" አለችው። ማሳጠር ሆኖለት ስለማያውቅ እስከ ዛሬ አብረው ይኖራሉ። የተነበበ ደብዳቤ ሁሉ ለክቡር ታሪክ ይሰጣል።

በዚህ ሕግ የተለበለበችው ታናሿ ገጣሚ ናት። ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣች፣ ዝናብ ሲያባራ እንኳ አፏን ከፍታ የምትቀር ልጅ ነች። አብራት ቤት የተከራየችው ተርጓሚ ጓደኛዋ አንዱን ግጥሟን ሰምታ "ያምራል፤ ግን ማን ሞቶ ነው?" ብላ ቀለደችባት። ገጣሚዋ ተቀየመች፤ ጻፈች። "የራስሽ ቃል ስለሌለሽ በሰው ቃል ትኖሪያለሽ" የሚል ዐረፍተ ነገር ሲመጣላት፣ ከማማሩ የተነሳ ለማን እንደሚደርስ ረሳችው።

ተርጓሚዋ ድምጿ ሳይሰበር አነበበችው። ሰዉም ምጥን ያለ ነው፣ ግሩም ነው አለ። እሷ ወረቀቱን አጣጥፋ ለክቡር ታሪክ ሰጠች፤ ኮቷን አንስታ ወጣች። በማግስቱ ዕቃዋን ጠቅልላ እናቷ ቤት ገባች። ስልክ ቢደወልላትም አታነሳም።

ይባስ ብሎ ክቡር ታሪክ ስለዚያ ሰሞን የሚያወራውን ምዕራፍ በሚቀጥለው ቅዳሜ እንደሚያነቡ አስታወቁ። ገጣሚዋ ቤታቸው ድረስ ሄዳ ለመነቻቸው።

"ጋሼ፣ እባክዎ ያን ደብዳቤ ከምዕራፉ ይሰርዙት። መጽሐፍ ላይ ከወጣማ መቼም አትመለስልኝም።"

"ታሪክ አማላጅ አይቀበልም፣ የኔ ልጅ" ብለው ሻይ ቀዱላት።

ቅዳሜ እንደ ተከሳሽ በሩ አጠገብ ተቀመጠች። ክቡር ታሪክ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሳይጨርሱ ተርጓሚዋ ወረቀት ይዛ ገባች። ለካ ምዕራፉን "ለማረጋገጫ" ብለው አስቀድመው ልከውላታል። ስድቡ የለበትም። በቦታው ገጣሚዋ ጽፋው የማታውቅ የይቅርታ ደብዳቤ ተሰክቷል።

"'እኅቴ ሆይ'" ብላ ተርጓሚዋ ቆማ አነበበች፤ "'አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ልቤ እንደ አሮጌ ጣሪያ ያፈሳል።'"

ሰዉ ሁሉ ወደ ክቡር ታሪክ ዞረ። እሳቸው መነጽራቸውን መጥረግ ያዙ።

"እኔ አልጻፍኩትም" አለች ገጣሚዋ።

"እሱንማ አውቃለሁ። አንቺ እንዲህ ያለ ቀፋፊ ነገር አትጽፊም። ልብ ያፈሳል ይባላል እንዴ?" ተርጓሚዋ ይህን ስትል ዓይኗ ቀልቶ ነበር። "ያንቺስ የት አለ ታዲያ?"

የገጣሚዋማ የይቅርታ ደብዳቤ ስንቴ ተጀምሮ፣ ገና አላማረም እየተባለ ስንቴ ተቀዷል።

ስክሪብቶ አውጥታ ወረቀቱን ተቀበለቻት። ሁሉም ልታርመው ነው ብሎ ጠበቀ። እሷ ግን ጣሪያውንም ልቡንም ሳትነካ፣ ከግርጌው ስሟን ጻፈችበት።